ፔሮል የማያውቃቸው ዘበኛ

ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔን እዩ። ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ የሠራተኞቹን የስንብት ክፍያ እንዳሰላ ታዘዝኩ። ክፍያው የሚወሰነው በአገልግሎት ዘመን ነውና ፔሮሉን ዘርግቼ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰክቼ፣ እንደ ዳኛ ተሰየምኩ።

ዘበኛው ጋሽ ሰይድ ገቡ።

«የእርስዎ አገልግሎት ስድስት ዓመት ነው» አልኳቸው።

«ኧረ ወላሂ፣ አሥራ አምስት ሞልቶኛል!»

«ጋሽ ሰይድ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ፔሮሉ ላይ ስምዎ የለም።»

ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ አንተ ልትቀጠር የመጣህ ለታ በሩን ማን ከፈተልህ?» አሉኝ።

እሳቸው ነበሩ። እንዲያውም መፍራቴን አይተው «አብሽር፣ ግባ» ብለውኛል። ለካ የዘረጋሁት ፔሮል የሚጀምረው እኔ ከተቀጠርኩበት ወር ነው! ሆቴሉ ከእኔ ጋር የተወለደ መስሎኝ ኖሯል።

አፍሬ መጋዘን ገባሁ። አሮጌውን መዝገብ ከአቧራ ውስጥ አውጥቼ ባየው፣ ጋሽ ሰይድ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ሒሳቡን አስተካክዬ ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! ሁለቱን ዓመት ተኝቼባቸው ይሆናላ» አሉ እየሳቁ።

እኔስ? ስድስቱንም ነው የተኛሁት።