አድማሴን ማን ገደለው?

[ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፤ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት የወረታ መገንጠያ። ሁለት ሰዎች የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ይነታረካሉ። ጉንጩን ደግፎ የተከዘው አለምነህ ነው፤ የወንጀል ልብ ወለድ ይጽፋል፤ ሁለት አሳትሞ ሦስተኛው ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል። ያኛው ጎረቤቱ ማሩ ነው፤ አራሽ ነው፣ ፊደል አልቆጠረም፤ ሲነበብለት ግን እሱን የሚያህል ሰሚ የለም። ጭቅጭቁ ከቤት ተነሥቶ እስከዚህ ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል።]

ማሩ፦ እኔ የምልህ፣ ላሟን ማን አለባት?

አለምነህ፦ የቷን ላም?

ማሩ፦ የአድማሴን ቡሬ ላም ነዋ! ጥጃዋ ስትጮህ አመሸች ብለህ አላነበብክልኝም?

አለምነህ፦ አያ ማሩ፣ ሰው ሞቷል! አድማሴ ደሙ ፈሶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል! አንተ ላም ትለኛለህ?

ማሩ፦ እሱማ አንዴ ሞተ፤ ነፍሱን ይማርና ምን ይደረጋል። ላሟ ግን ሳትታለብ ካደረች ጡቷ ያብጣል። ኃጢአት አይሆንም?

አለምነህ፦ አንባቢ ስለ ላም ጡት አይጨነቅም።

ማሩ፦ እኔ ይኸው እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አለምነህ፦ ላሟን ተዋትና ስማኝ። የደሳለው መኪና ከጎንደር ተነሥታለች፤ አሁን ትደርሳለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ይዛልኝ አዲስ አበባ ካልገባች አታሚው በኔ ቦታ የሌላ ሰው መጽሐፍ ሊያስገባ ነው። ቁርጡን ነግሮኛል።

ማሩ፦ ታዲያ ስጠዋ።

አለምነህ፦ አላለቀማ!

ማሩ፦ ምን ቀረው?

አለምነህ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ በሹክሹክታ] ገዳዩ።

ማሩ፦ ምን ሆነ ገዳዩ?

አለምነህ፦ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ማሩ፦ [አፉን ይዞ ይስቃል] ወይ ጉድ! የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?

አለምነህ፦ ሳቅ፣ ሳቅብኝ። ሚስቱን አስጠረጠርኩ፣ ወንድሙን አስጠረጠርኩ፣ ነጋዴውን አስጠረጠርኩ፣ ቄሱን እንኳ አልማርኩም። ሰው ይወናበድልኝ ብዬ ስለፋ ራሴ ተወናብጄ ቁጭ አልኩ።

ማሩ፦ ይሄ ነው ያስጨነቀህ? አውጫጭኝ ጥራ!

አለምነህ፦ መጽሐፍ ውስጥ አውጫጭኝ የለም፤ መርማሪ ነው ያለው። ሻምበል ጥሩሰው ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ የቆዳ ጫማውን ተጫምቶ...

ማሩ፦ በነሐሴ? አድማሴ የሞተው በክረምት፣ ፎገራ ላይ አይደል? በቆዳ ጫማ? እሱን ሰውዬ እርሳው፤ እስከ መስቀል ከጭቃው አይወጣልህም። እኛ በሬ ሲጠፋብን ምንድን ነው የምናደርገው? አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ ሳይቀመጥ የቀረ ሰው ካለ ጥርጣሬው እሱ ላይ ነው። በል አስቀምጣቸው።

[ማሩ ከመንገዱ ዳር ጠጠር ለቅሞ በረድፍ ይደረድራል። አንዷን ጠጠር ግን መሬት አላስነካትም።]

ማሩ፦ ጠጋ በል፤ ቄሱ ጆንያው ላይ ይቀመጡ።

አለምነህ፦ ለጠጠር ልነሣ?

ማሩ፦ ለካህን ነው የምትነሣው! [ያስነሣዋል፤ ወደ መጀመሪያዋ ጠጠር ዞሮ] አንቺ የአድማሴ ሚስት፣ ያን ለት ማታ የት ነበርሽ?

አለምነህ፦ [ሳይወድ በግዱ] ወንዛዬ፣ ፍል ውኃ ልትጠመቅ ሄዳ።

ማሩ፦ በነሐሴ? ጉማራ ሞልቶ ማን አሻገራት?

አለምነህ፦ እኔ። በአንድ መስመር አሻገርኳት። ቤቱ ባዶ እንዲሆንልኝ ነው።

ማሩ፦ ወንድምየውስ?

አለምነህ፦ ሐሙሲት ገበያ ውሎ ሲመለስ ዝናብ አወረድኩበት፤ መንገድ ላይ አደረ።

ማሩ፦ ውሻውስ? ባዳ ሲገባ አይጮኽም?

አለምነህ፦ ውሻውን... ውሻውን ረስቼው ነበር። ኋላ ትዝ ሲለኝ፣ ምዕራፉን ከመላኬ በፊት ተመልሼ በጅብ አስበላሁት።

ማሩ፦ ወይኔ ውሻዬን! ኩራዙንስ ማን አጠፋው?

አለምነህ፦ እኔ ነኛ! ብርሃን እያለ ልብ ይሰቅላል?

ማሩ፦ [ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያየ] አገሩ ሁሉ ተቀምጧል። የቀረው አንድ ሰው ነው።

አለምነህ፦ ነጋዴው ነው! እኔም ገና ከጥንቱ...

ማሩ፦ ነጋዴው ይኸው ተቀምጦ። የቀረውማ ሚስትዮዋን የሸኘው፣ ወንድምየውን በዝናብ ያገደው፣ ውሻ ለጅብ የሰጠው፣ ኩራዝ ያጠፋው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአድማሴ ጋር እቤት ውስጥ የነበረው ሰውዬ ነው። ይኸው እፊቴ ተገትሯል።

[አለምነህ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል። ማንም የለም።]

አለምነህ፦ እኔ? ማን ነገረህ?

ማሩ፦ ወፍ ነገረችኝ። የአውጫጭኝ ምስክር ስሙ አይጠራም፤ ወፍ ነው የሚባለው።

አለምነህ፦ ኧረ በመድኃኔ ዓለም! እኔ እኮ ዶሮ ማረድ የማልችል ሰው ነኝ! በዓል በመጣ ቁጥር ሚስቴ ስንዱ ዶሮና ቢላዋ ይዛ መንገድ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ስትለምን አታያትም?

ማሩ፦ አያታለሁ እንጂ፤ የሚያርድላትም እኔው ነኝ። አድማሴን ግን አንተ ነህ። ለመሆኑ ምን በደለህ?

አለምነህ፦ [ድምፁ እየወረደ] ምንም። ደግ ሰው ነበር።

ማሩ፦ ታዲያ?

አለምነህ፦ እውነቱን ላውጣው? በሕይወት እያለ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ይነሣል፣ ያርሳል፣ ይበላል፣ ከሚስቱ ጋር ያወራል፤ ጥቂት ገጽ ሄድኩና ብዕሬ ደረቀ። የሞተ ሰው ይቀላል፣ አያ ማሩ። የሞተ እንደሆነ ሌላው ሁሉ እየሮጠ ይመጣልሃል።

ማሩ፦ በስንፍና ገደልኩት በለኛ!

አለምነህ፦ በስንፍና። የፊተኞቹንም በስንፍና ነው የፈጀኋቸው። ጎበዝ ብሆን አኖራቸው ነበር። [አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል] አፈርኩ።

ማሩ፦ ይበልህ። እሱ አፈሩን ለብሷል።

[ከወደ ጎንደር የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። አለምነህ ብድግ ይላል። ሐፍረቱ ባንድ አፍታ ጠፍቷል፤ ደራሲ ሲባል እንዲህ ነው።]

አለምነህ፦ አያ ማሩ! ገዳዩ ደራሲው ነው! ገባህ? በኢትዮጵያ ምድር ማንም ያላሰበው! እርሳሴ የታለች?

ማሩ፦ ጆሮህ ላይ።

[አለምነህ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይሞነጫጭራል። የጭነት መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ይቆማል። ሾፌሩ ደሳለው በመስኮት ብቅ ይላል፤ የፊተኞቹንም ምዕራፎች ተራ በተራ ለአታሚው ያደረሰው እሱ ነው።]

ደሳለው፦ ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ! ዛሬስ አለቀልን?

አለምነህ፦ አለቀ! [ወረቀቱን እየሰጠው] አደራህን ግን እንዳትገልጠው። ሰው በሕልሙም የማያስበው ገዳይ ነው ያለበት።

ደሳለው፦ እርስዎ ነዎት?

አለምነህ፦ እ?

ደሳለው፦ አድማሴን የገደሉት እርስዎ ነዎት አይደል?

አለምነህ፦ [ማሩ ላይ እያፈጠጠ] አንተ ነህ የነገርከው!

ማሩ፦ ኧረ አፌን አልከፈትኩም!

ደሳለው፦ እሳቸውን ይተዉአቸው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ማንበብ የሚችል አይጠፋም፤ እያስነበብን ነው የምንሄደው። ያኔ ሁለተኛውን ምዕራፍ የያዝን ለት፣ ገና ሐሙሲትን ሳናልፍ፣ ጥርሱን ታሞ አፉን የሸፈነ አንድ ተሳፋሪ ጋቢውን ገለጥ አደረገና “ከጸሐፊው በቀር እቤቱ ማን ነበረ?” አለ። ከዚያ ወዲህ እስከ አባይ በረሃ ድረስ የማያውቅ የለም።

[አለምነህ ጆንያው ላይ ዘጭ ይላል። ቄሱ ከሥሩ ተቀብረው ቀሩ።]

አለምነህ፦ እያወቃችሁ ነው ታዲያ ባለፋችሁ ቁጥር “ቀጣዩስ? ቀጣዩስ?” እያላችሁ ስታስጨንቁኝ የከረማችሁት? ገዳዩን ካወቃችሁት ምን ቸገራችሁ?

ደሳለው፦ [ማርሹን እያስገባ] እኛማ የጓጓነው፣ እርስዎ መቼ እንደሚደርሱበት ለማየት ነው።