ፕሪንተሩን የሚጠብቀው ጋኔን

(በአንዲት የዴንማርክ ደሴት፣ የደብሩ አዳራሽ ውስጥ። ቶርኪል ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። ጓደኛው ቪጎ ፕሪንተሩ ፊት ወንበር ስቦ፣ አይጥ እንደምትጠብቅ ድመት የማሽኑን አፍ አፉን ያያል። ጎረቤቶቻቸው ጉድሩንና አስገር ነገ የተጋቡበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት ያከብራሉ፤ መንደሩ ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ተሰብስቦ በድንገት ሊዘፍንላቸው ነው። ግጥሙን የጻፈውም፣ የሚያትመውም ቶርኪል ነው።)

ቪጎ፦ እኔ የምልህ፣ ምንም አልወጣም ነው።

ቶርኪል፦ እኔም የምልህ፣ እየወጣ ነው ነው!

ቪጎ፦ በየት በኩል?

ቶርኪል፦ እዚህ ጥቁር መስኮት ላይ ምን ይላል? «በማተም ላይ።» ትእዛዝ ጽፌ ያስነሳሁት ፕሮግራም ነው። ከጀርባ ሆኖ ፕሪንተሩን ይጠብቃል። ቀለም በል፣ ወረቀት በል፣ ሁሉን ይነግረኛል።

(ቪጎ ተነስቶ የፕሪንተሩን ጀርባ ያያል።)

ቪጎ፦ እዚህ ያለው አቧራ ብቻ ነው።

ቶርኪል፦ የፕሪንተሩ ጀርባ ወጣኝ? አይታይም ማለቴ ነው! ሳይታይ፣ ሳይተኛ ይሠራል። የሙያው ሰዎች «ጋኔን» ይሉታል።

ቪጎ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቄሳችን ያውቃሉ?

ቶርኪል፦ ስሙ ነው እንጂ ጋኔን አይደለም!

ቪጎ፦ ታዲያ ካልሆነ ምን ሲሉ...

ቶርኪል፦ ዝም በል፣ አዲስ ነገር መጣ! «ቢጫ ቀለም ሊያልቅ ነው።» አየህ? ያንተ ዓይን ይሄን ያያል?

ቪጎ፦ ቢጫውን እኮ ገና ትናንት ነው የቀየርኩት።

ቶርኪል፦ አንተ ነሃ የቀየርከው! በል አዲስ አምጣ።

(ቪጎ አምጥቶ ሲሰጠው ቶርኪል የቀለም ካርትሪጁን ይቀይራል። ጣቱ ቢጫ ይሆናል፤ በጣቱ ላቡን ሲጠርግ ግንባሩም ቢጫ ይሆናል።)

ቪጎ፦ አሁንስ ምን አለ?

ቶርኪል፦ «ቢጫ ቀለም ሊያልቅ ነው።»

ቪጎ፦ ውይ! አሁን የከተትከውን ጠጣው?

ቶርኪል፦ ቆይ... «ወረቀት የለም።» ወረቀት ጨምር!

ቪጎ፦ ጢም ብሏል። አንዲት ቅጠል አይጨምርም።

ቶርኪል፦ ፕሮግራሙ የለም ካለ የለም!

ቪጎ፦ (ወረቀቱን እየዳበሰ) ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ቶርኪል፦ ቪጎ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አንተ ምን ጠግነህ ታውቃለህ?

ቪጎ፦ አጥር።

ቶርኪል፦ በቃ፣ ስለ አጥር ስናወራ ትናገራለህ። (ከወንበሩ ብድግ ብሎ) ይኸው! «ወረቀት ገብቷል። በማተም ላይ።» አላልኩህም?

ቪጎ፦ ማን አስገባው?

ቶርኪል፦ ራሱ አስተካከለዋ!

ቪጎ፦ (ወደ በሩ ሸሸት እያለ) እኔ አልነካሁ፣ አንተ አልነካህ... እጅ አለው እንዴ ይሄ ነገር?

ቶርኪል፦ እጅ የለውም! «ጥቁር ቀለም አልቋል። ቆሟል።» አይ፣ ደግሞ ምን...

(የቶርኪል ስልክ ይጮኻል። እጁ ቀለም ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ድምፁን ከፍቶ ያነሳዋል።)

ጉድሩን፦ ቶርኪል! ይሄ ዘፈን ያንተ ነው አይደል?

ቶርኪል፦ የ... የቱ ዘፈን?

ጉድሩን፦ ከፕሪንተራችን የሚወጣው ነዋ! ወረቀት ቢያልቅበት ቀጥሎ ምን እንደሚል ለማየት ሮጬ ጨመርኩለት።

(ከግንባሩ ቢጫ በቀር የቶርኪል ፊት አመድ ይመስላል።)

ቪጎ፦ (በሹክሹክታ) የማንን ፕሪንተር ነበር ሲጠብቅ የዋለው?

ቶርኪል፦ (በሹክሹክታ) ባለፈው የእነሱን ያስተካከልኩት በዚሁ ላፕቶፕ ነው። የሚያትምበትን አድራሻ ወደዚህኛው መቀየር ረስቼ...

ጉድሩን፦ አታንሾካሹኩ! መጨረሻው ላይ ቀለም አልቆ ተቆረጠብኝ። «አስገር በማታው መርከብ፣ ባለ ቀይ ሻርፗ ቆንጆ ክንዱን ይዛ...» ይልና ቁርጥ! አስገርን ብጠይቀው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ዝም አለኝ። ማናት እሷ? ከዚያስ ምን ሆነ?

(ቶርኪል ስልኩን በክርኑ ወደ ቪጎ ይገፋዋል።)

ቶርኪል፦ (በሹክሹክታ) አደራህን ቪጎ! ለሳቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። እነ አስገር ሳይጋቡ በፊት ከባለ ሻርፗ ጋር፣ ከሩቅም ቢሆን፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ እኮ! ትዳራቸውን አፈረስኩት። ሌላ ወሬ አውራ!

ቪጎ፦ (ተረጋግቶ) ጉድሩን፣ ደህና ዋልሽ? ቀጥሎ ያለው እንዲህ ነው። አስገር ሻንጣዋን ተሸክሞ አሻገራት። ማዶ ወደቡ ላይ አንድ ከሲታ ጎረምሳ ብርድ እያንቀጠቀጠው ይጠብቅ ነበር። ለእሱ አስረከባትና አግዳሚ ወንበር ላይ አድሮ ማለዳ ተመለሰ። አባቷ እንዳይሰሙ ለማንም ላይናገር ማለ። ይኸው ቃሉን አላጠፈም።

ጉድሩን፦ ጎረምሳው ማነው?

ቪጎ፦ እኔ ነኛ። ባለ ሻርፗም ሄልጋ ናት፣ ሚስቴ። አባቷም አርፈዋል፤ አስገርን መሐላህ ተፈቷል በይልኝ።

(ከስልኩ ውስጥ የጉድሩን ሳቅ ይሰማል፤ ሳቁ መሃል ላይ እንባ እንባ ይለዋል። ከኋላዋ አስገር ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ይሰማል።)

ጉድሩን፦ በሉ ነገ ኑ። እኛም ምንም እንዳልሰማ ሰው በፒጃማ እንወጣላችኋለን። ቶርኪል ግን መጨረሻውን እንደ ቪጎ አድርጎ ይጻፈው!

(ስልኩ ይዘጋል። ቶርኪል ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል።)

ቶርኪል፦ በአንድ ጀልባ ዓሣ ስናጠምድ አርጅተን... እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?

ቪጎ፦ የምታውቅ መስሎኝ ነዋ! የማታውቀው ነገር እንዳለ መች ነግረኸኝ ታውቃለህ?