ሳሙና የነካው መጥበሻ

ብረትን ከምድር ሆድ ያወጣ፣ እናትንም ለሰው የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ ዛሬ የማወጋችሁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የዛገ የብረት መጥበሻ ገዝቶ ስለሚንከባከብ ሰው ነው። አይታችሁት ታውቁ ይሆን? ዝገቱን በሆምጣጤ ያስለቅቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ በምድጃ ያግላል፣ መልሶ ይቀባል። ለሜሮን የቀረበ ሕፃን እንኳ በዚህ ጥንቃቄ መቀባቱን እጠራጠራለሁ።

ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር የሚኖረው ሰሎሞን ከእናቱ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ተጣልቶ ለዕርቅ ተጠራሁ። በደላቸው ምን ነበር? ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እንደ ልማዳቸው የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሲያጥቡ፣ ልጃቸው እንደ ፈረንጆቹ የአሳማ ሥጋ የሚጠብስበትን መጥበሻም በሳሙናና በሽቦ ፈተጉት። የተቀባው ዘይት ለቅቆ አድሮ ዛገ። ልጅየው ሳምንት ሙሉ አላናገራቸውም።

«መሪጌታ፣ የስድስት ወር ልፋቴን ነው ያጠቡብኝ» አለኝ።

«ዕቃ አጥቦ ጾም መቀበልን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ እኔን ክሰሰኝ።»

«ሳሙና ክልክል ነው ብዬ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር።»

«በስዊድንኛ» አሉ እናቱ ቀስ ብለው።

«በል ተነሥ፣ ጉልበታቸውን ሳም» አልሁት።

«እሺ መሪጌታ፤ ብቻ መጥበሻው ምድጃ ውስጥ ነው፣ ትኩስ ሳለ ካልተቀባ ይበላሻል።»

አውጥቶም በጥጥ ጨርቅ እያባበለ ይቀባው ጀመር። ላስቆመው ብነሣ፣ ወይዘሮ አስካለ እጄን ያዙኝ።

«ይጨርስ መሪጌታ፣ እንዳይበርድበት።»

ሦስት ጊዜ ቀባው። እኔ እስክወጣ ድረስ ጉልበታቸው አልተሳመም።

እናንተ አንባብያን፣ አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፤ ከብረቱ አስቀድሞ ወደ እናት የሚዘረጋ እጅም ይስጣችሁ።