ዜና ዕርገተ ቁም ሣጥን

ንዌጥን እንከ። የወይዘሮ ጌስከ እግሮች ከደረጃ ጋር በተጣሉ በሁለተኛው ዓመት፣ ይኸውም ልጃቸው መምህር ፎልከርት ከጣሪያ ሥር ያለውን ቤት በተከራየ በመጀመሪያው ዓመት፣ ብስክሌቱም በጋራው ኮሪደር መቆሟን አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት አቶ ዉቦ በተቃወሙ በስምንተኛው ወር፣ በወርኀ ሚያዝያ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ነፋስ ከባሕር ሲነፍስ፣ በላይደን ከተማ በቦዩ ዳር የሆነው ሁሉ እንዳይረሳ ይህ ተጻፈ።

ፎልከርትስ ማን ነው ቢሉ፣ መዛኔ ክብደት፣ ሰፋሬ ቁመት፣ የፊዚክስ መምህር፣ በየዓመቱ ጥቅምት በጠባ ቁጥር ልጆችን ሰብስቦ «ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ» እያለ የሚሰብክ፣ በሰሌዳ ፊት አንበሳ፣ በጎረቤት ፊት ግን ጆሮው እስኪቀላ የሚያፍር ነው። እናቱ በክረምቱ በመንደራቸው ቤት ወድቀው፣ ዳቦ አቅራቢው ደርሶ እስኪያነሣቸው ከኩሽናው ወለል ላይ ከቆዩ ወዲህ ልቡ አላርፍ አለው። ከእኔ ጋር ኑሪ ብሎም ላከባቸው። እርሳቸውም ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ የሠርጋቸውን፣ ወርካ የመሰለ ቁም ሣጥን በጭነት መኪና አስጭነው መጡ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት በወንበር ተቀምጠውም ይህን አዋጅ ነገሩ።

«ስማኝ ልጄ። ቁም ሣጥኔ የገባበት እገባለሁ፤ ያልገባበት አልገባም። ዛሬ ካልገባ በማታው ባቡር ወደ ቤቴ ነኝ። አለቀ።»

አዋጁ ቀላል አልነበረም፤ የዚያ ቤት ደረጃ መሰላል ሆኖ ሳለ ደረጃ ነኝ የሚል ነውና፣ ቁም ሣጥኑም እንደ መኳንንት ትከሻው የሰፋ ነውና። ነገር ግን በላይደን ትልቅ ዕቃ በበር አይገባም። ቤቶቹ ከግንባራቸው ላይ መንጠቆ ያለው አግዳሚ እንጨት ያወጡ፣ ዕቃው ሲወጣ ግድግዳ እንዳይልስም እንደ ደጅ ጠኚ ወደ ቦዩ ጎንበስ ብለው የተሠሩ ናቸውና፣ ዕቃ በገመድ ተስቦ በመስኮት ይገባል። የእህቱ ባል ሬይንደር በሞተር የሚሠራ መሰላል እንከራይ ብሎ ቢመክር፣ ፎልከርት ከላይ፣ ፍሬሙ ከተነቀለው መስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሁለተኛውን አዋጅ ነገረ።

«በሞተር? በእኔ ቤት? ሬይንደር፣ ስማኝ። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። ገመዱን በበከራው ላይ አራት እጥፍ ካዞርነው አንተ የምትስበው ሩቡን ብቻ ነው። በአንድ እጅህ እየሳብክ በሌላው ቡናህን ትጠጣለህ!»

ወእምዝ የታችኛው በከራ ከነመንጠቆው ከሰማይ መውረድ ጀመረ። በግርማ ወረደ። የሦስተኛውን ፎቅ አለፈ፣ የሁለተኛውን አለፈ፣ ከአቶ ዉቦ መስኮት አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ገመዱ አልቋልና። ኃይል በአራት የተካፈለለት ሰው ገመድ በአራት እጥፍ ይከፍላል፤ ይህ የታወቀ ሕግ ነው፣ ፎልከርትም ይህን ለረሱ ልጆች ማርክ ሲቀንስ የኖረ ነው። ገመዱን ሲገዛ ግን የለካው የቤቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ብቻ ነበር፤ ለጥንቃቄም ጥቂት ጨምሮበት ነበር። ሬይንደር በአየር የተንጠለጠለውን መንጠቆ፣ ቀጥሎም መሬት ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን አየ፤ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎም አወጀ።

«መምህር! ቁም ሣጥኑ መዝለል ይችላል እንዴ?»

ፎልከርት ጆሮው ቀላ። አራቱን እጥፍ ፈትቶ ሁለት አደረገው፤ መንጠቆውም ምድር ነካ። ነገር ግን ሩብ የነበረው ሸክም ግማሽ ሆነ፣ ለሬይንደርና ለቡናውም የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ መምህረ ጉልበት ወደ መንገድ ወርዶ፣ በሕይወቱ ሁሉ ሲሸሸው የኖረውን አደረገ፤ የማያውቀውን ሰው ጠራ። የዚያ ቀን የክተት አዋጅ ይህ ነበር።

«እ... ይቅርታ... እናንተ ሰዎች! እናቴ ናት... ማለቴ የእናቴ ቁም ሣጥን ነው። አንድ ጊዜ እጃችሁን?»

የከተተውም ሠራዊት ይህ ነው። በቀኝ በኩል፣ ወደ ቀዘፋ ክበብ የሚሄዱ፣ ክንዳቸው እንደ መቅዘፊያ የረዘመ ሁለት ተማሪዎች። በግራ በኩል፣ ከገበያ የጨው ዓሣ ገዝታ ብስክሌቷን በቦዩ ዳር የብረት አጥር ላይ ያስደገፈች ወፍራም ሴት። በመካከል፣ ደብዳቤውን ለነፋስ ትቶ የመጣ ፖስተኛ። በኋላ ደጀን ሬይንደር፣ ጓንት ያለው እርሱ ብቻ ስለ ነበረ። ሳይስቡ አስተያየት ለመስጠት የቆሙትን ብዛት ግን ጸሐፊው ሊቈጥር አልቻለም፤ በዚያ አገር ዕቃ ሲወጣ አይቶ ምክር ሳይሰጥ የሚያልፍ የለምና።

ሳቡ። ቁም ሣጥኑም በሮቹ በአንሶላ ታስረው፣ ነፋሱ ጥቂት እያወዛወዘው፣ ከምድር ተነሣ። የወይዘሮ ጌስከ ዓይን ተከተለው። ገመዱ ክንድ በገባ ቁጥር ቁም ሣጥኑ ግማሽ ክንድ እየወጣ፣ የሳቢዎቹም ምሳ ወደ ከፍታ እየተለወጠ፣ እስከ አቶ ዉቦ መስኮት ደረሰ፤ በዚያም ነፋሱ በረታና እስኪያልፍ ይዘው ይቆሙ ዘንድ ታዘዙ። ያዙ። የዓሣዋ ሴት ደክሞኛል ብላ ብትጮህ፣ ፎልከርት ሊያጽናናት ፈልጎ፣ ሊቅ በሰሌዳ ፊት እንጂ በገመድ ሥር ሊናገረው የማይገባውን አዋጅ ነገረ።

«አይዟችሁ! እቃው ካልተንቀሳቀሰ እኮ ርቀቱ ዜሮ ነው! በፊዚክስ አሁን ምንም ሥራ እየሠራችሁ አይደለም!»

ከዚያም አዋጅ በአዋጅ ላይ ወረደ። ሴቲቱ፣ «ላቤ ታዲያ ምንድን ነው? ዝናብ ነው?» አለች። ከቀዛፊዎቹ አንዱ፣ «ሥራ ካልሆነማ እኛ ልምምድ አለብን» አለ። ሬይንደር በጓንቱ ውስጥ ሆኖ፣ «አማቼ፣ ልልቀቀውና ሥራ መሆኑን ልይልህ?» አለ። ወይዘሮ ጌስከም ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «አንተ ልጅ! ሰው ሲያግዝህ አመሰግናለሁ ነው የሚባለው!» አሉ። ፖስተኛው ግን ገመዱን ለቆ ደብዳቤውን ሊለቅም ሄደ።

በዚያች ቅጽበት ገመዱ ሾለከ። የከፍታ ጉልበት ወደ ፍጥነት ይለወጥ ጀመር፤ ሕጉ የማንንም እናት አይለይምና። ፎልከርት ዘሎ ገመዱን በባዶ መዳፉ ያዘ። ፍጥነቱ በመዳፉ ውስጥ ሙቀት ሆነ፤ ምንም አልጠፋም፣ ቆዳው ብቻ ተቃጠለ። ቁም ሣጥኑ ስንዝር ወርዶ ቆመ። ፎልከርት ቀና ብሎ ሲያይ ከላይ የቀረውን ርቀት አየ፣ ዝቅ ብሎ ሲያይ የእናቱን እጅ በቦርሳቸው ማሰሪያ ላይ አየ፤ የማታውን ባቡርም አሰበ።

ያን ጊዜ የአቶ ዉቦ መስኮት ተከፈተ። አቶ ዉቦ ጡረታ የወጡ የድልድይ ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጀልባም ለብስክሌትም «ቁም» እና «እለፍ» ሲሉ የኖሩ፣ ሌላ ቃል ብዙ የማያባክኑ። ቁም ሣጥኑ ከሳሎናቸው ፊት ቆሞ ብርሃናቸውን ጋርዶ ነበር። ራሳቸውን በጎኑ አሾልከው አወጁ።

«አንተ መምህር! ይሄ ነገር ወይ ይውጣ ወይ ይግባ! ጋዜጣዬን ማንበብ አልቻልኩም!»

ፎልከርት ሠራዊቱን አየ። ከመካከላቸው ይውጣ የሚል ፊት አላገኘም። የተቃጠለ መዳፉን ከገመዱ ሳያላቅቅ፣ ስምንት ወር ሰላምታ የነፈጋቸውን ጎረቤቱን ቀና ብሎ ለመነ። «አቶ ዉቦ... ይግባ?» አቶ ዉቦ መዶሻ አመጡ፣ የመስኮቱን ፍሬም ነቀሉ፣ ቁም ሣጥኑን በአንሶላው ማሰሪያ ይዘው ወደ ውስጥ እየሳቡም፣ በድልድይ ላይ የሚሰማውን ድምፅ አሰሙ። «እለፍ!»

ወገብአ ቁም ሣጥን። ገባም፤ በአቶ ዉቦ ባዶ ክፍል፣ ወደ ቦዩ በሚያየው ግድግዳ ሥር ቆመ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ ጌስከ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ወደ በሩም ሄዱ። አንዱን ደረጃ፣ መሐል ላይ አርፈው፣ ጨርሰው ወጡ። ፎልከርት ከኋላቸው ሮጦ በደረሰ ጊዜ ቁም ሣጥኑን ከፍተው አንሶላቸውን ሲቆጥሩ አገኛቸው። እማዬ፣ የእኔ ቤት እኮ ከላይ ነው ብሎ ቢጀምር፣ የመጨረሻውን አዋጅ ሰማ።

«ቤትህ አላልኩም። ቁም ሣጥኔ የገባበት ነው ያልኩት። ደግሞ እሱን ለክተሃል፤ እግሬን ለክተሃል?»

አልለካም ነበር። የቁም ሣጥኑን ክብደት፣ የበከራውን እጥፍ፣ የነፋሱን አቅጣጫ በልቡ ይዞ፣ እናቱ በየማለዳው ከጣሪያ ሥር እንዴት ወርደው ዳቦ እንደሚገዙ አንድም ቀን አላሰበም ነበር። አቶ ዉቦም ወይዘሮዋን አዩ፣ ቁም ሣጥኑን አዩ፣ ባዶ የነበረውን ክፍል አዩ፤ ስምምነታቸውንም በአንድ ቃል ኪዳን አሰሩት። «ክፍሉ ለማንም አይፈለግም፤ ይቀመጡ። ብስክሌቷ ግን ከኮሪደሬ ትውጣ።»

ወጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ፎልከርት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ በገመድ ያተረፈውን በትከሻው ይከፍላል፣ ከሒሳቡም የጎደለ የለም። በአንደኛው ፎቅ ትንፋሹ ሲያልቅ ብስክሌቱን እንደ ተሸከመ ይቆማል። ያን ጊዜ በር ይከፈታል፤ የአተር ሾርባ ሽታና የአቶ ዉቦ ጋዜጣ ሲገለጥ ይሰማል፤ ወይዘሮ ጌስከም ጭልፋ ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ቆመሃል እንዴ? እንግዲያው ሥራ አይደለም። ግባና ብላ።»

ስለዚህ፣ እናንተ በቦዩ ዳር የምታልፉ ሁሉ፣ ቀና ብላችሁ ያን መንጠቆ ስታዩ ፎልከርትን አመስግኑ፦ ሰፋሬ ቁመት፣ ኀዳጌ ሞተር፣ ዉዑየ መዳፍ፣ ጸዋሬ ብስክሌት፤ እናቱን ወደ ሰማይ ሊያወጣ ተነሥቶ፣ ሊኖሩበት ከሚችሉት ፎቅ ላይ ያደረሰ። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይድረስ።