በርካሽ ትኬት ለማሙሽ ሰርግ

[ጠባብ ሳሎን። ሶፋው ላይ ልብስ ተከምሯል። ወለሉ ላይ ከላውንደሪ ቤት የተዋሱት ሚዛን፣ ሚዛኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣ። ሁለት እህትማማቾች ጎንበስ ብለው ቁጥሩን እያዩ ይከራከራሉ።]

ቀስታ፦ ሦስት ቀሚስ ከደረብኩማ በምን እቀመጣለሁ?

እትዬ፦ እስከ ዛሬ በምትቀመጪበት ነዋ።

ቀስታ፦ እሱማ ይሰፋል። ወንበሩ ነው የማይሰፋው።

እትዬ፦ ስሚኝ። ሻንጣው ከሰባት ኪሎ ካለፈ ያስከፍላሉ። ሰው ግን አይመዘንም። ገላሽ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ነፃ ነው።

ቀስታ፦ [ብዙ ካሰበች በኋላ] እንዲያ ከሆነ ሻንጣውንም ልልበሰው?

እትዬ በእንዲህ ያለ ጥያቄ አትበሳጭም፤ ለምዳዋለች። በአንድ ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህር ቢሮ ሃያ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት ስትሠራ አምስት ርዕሰ መምህራንን ሸኝታለች። አምስቱም ሲሰናበቱ «ያለ እሷ አይሆንልኝም ነበር» ብለዋል። የማታውቀው ነገር ካለ ገና ያልተጠየቀችው ነው። ታናሿ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው። ግን አንድ ነገር ስትጠየቅ መልሱ እስኪመጣ የሸሚዝ ሁለት እጅጌ ተተኩሶ ስለሚያልቅ ቤተሰቡም ሰፈሩም ቀስታ ይላታል። እትዬ መልሱን ጠብቃ አታውቅም። ራሷ ትመልስላታለች።

ይህ የተጀመረው እናታቸው የሞተች ጊዜ ነው። ያኔ እትዬ ሃያ ሁለት፣ ቀስታ አሥራ አራት፣ የመጨረሻው ልጅ ማሙሽ ደግሞ ገና አራት ዓመቱ ነበር። እናትየዋ የእትዬን እጅ ይዛ «አደራሽን፣ ልጆቼን እንዳትበትኛቸው» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ስለ ሦስቱም አሰበች፣ ስለ ሦስቱም ተናገረች፣ ስለ ሦስቱም ወሰነች። ማሙሽ አድጎ፣ ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት በስልክ ብቻ ሲያናግሩት ቆዩና አሁን ሊያገባ ነው። «በእናቴ ቦታ የምትቆሙልኝ እናንተ ናችሁ» አላቸው። እትዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳች።

ቀስታ አንድ ሐሳብ ነበራት። ከላውንደሪው ፊት ለፊት ባለው ትኬት ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ካፖርቷን እሷ ጋ ነው የምታስተኩሰው፤ እሷን እንጠይቃት አለች። እትዬ አልሰማቻትም። የትኬት ቢሮ ሰዎች የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉት ከሚጠይቃቸው ሰው ነው ብላ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቷን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ የትኬት ዋጋ ስታማርጥ ከረመች። በመጨረሻ ከሁሉም የረከሰውን አገኘች። የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ በፖስታ አሸገችው። የሰርግ ስጦታ ነው።

[እትዬ አንድ ወረቀት ታነባለች። ቀስታ ቀሚስ እያጣጠፈች ትሰማለች።]

እትዬ፦ ማክሰኞ ንጋት ላይ እንነሳለን። ከዚያ ትራንዚት ላይ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን።

ቀስታ፦ ትራንዚትን እናውቀዋለን እንዴ?

እትዬ፦ ስንደርስ እናውቀዋለን።

ቀስታ፦ የማያውቁት ሰው ቤት ዘጠኝ ሰዓት? ያውም ባዶ እጅ?

እትዬ፦ ሰው አይደለም። አውሮፕላን የሚቀየርበት ቦታ ነው።

ቀስታ፦ ተበላሽቶ ነው የሚቀየረው?

እትዬ፦ አልተበላሸም። ከደህናው አውሮፕላን ወርደን ሌላ ደህና አውሮፕላን እንሳፈራለን።

ቀስታ፦ ደህናውን ለምን እንተወዋለን?

እትዬ፦ ስለሚረክስ።

በጉዞው ዋዜማ እትዬ መመሪያ ሰጠች። በሰው አገር ነፃ የሚባል ነገር የለም፤ ካለም ዋጋው ኋላ ይመጣል። ፈገግ ብሎ የሚጠጋ ሰው ሻጭ ነው። ትኬትና ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም። አንዷ ብትሰረቅ ሌላዋ እንድትተርፍ ብላም የቀስታን ትኬት ለራሷ ለቀስታ አስያዘቻት። የስጦታውን ፖስታ ግን እትዬ በጉያዋ፣ እሷም ከደረበቻቸው ሦስት ቀሚሶች ስር ሸጎጠችው።

ማክሰኞ ንጋት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ሆነው ነበር። ሻንጣ የምትመዝነው ሴት ሚዛኑን አየች፤ ስድስት ተኩል ይላል። ቀና ብላ ሁለቱን ሴቶች አየች። እንደገና ሚዛኑን አየች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አሳለፈቻቸው። እትዬ ላብ በላብ ሆና እንኳ ድል እንዳደረገ ሰው ነበር የምትራመደው። አውሮፕላኑ ውስጥ የቀስታ ቀበቶ አልደርስ ብሎ መቀጠያ መጣለት። ምግብ ሲታደል ደግሞ እትዬ ስለ ሁለቱም «በልተናል» አለች። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ ሳይከፍል በልቶ ሁለተኛ ዳቦ ሲጨመርለት ቀስታ እህቷን ዞር ብላ አየቻት። እትዬም የሰውየው ትኬት ውድ መሆን አለበት አለቻት።

ትራንዚት የሚባለው ቦታ ደረሱ። ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ መስታወት የሚመስል አዳራሽ ነው። እትዬ የብረት አግዳሚ ወንበር መረጠች፤ ሻንጣዋን በእግሮቿ መሀል አድርጋ ሰዓቷን አየች። ገና ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይቀራል።

[ቀስታ በእጇ ፊቷን ታራግባለች። ራቅ ብላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለል ትወለውላለች።]

ቀስታ፦ እትዬ፣ ጠማኝ።

እትዬ፦ እኔም ጠምቶኛል። የውሃውን ዋጋ አይተሻል? በዚያ ዋጋ እኛ ሰፈር ቦቴ ሙሉ ይመጣልሻል።

ቀስታ፦ ያቺን ሴትዮ ልጠይቃት?

እትዬ፦ ምን ብለሽ?

ቀስታ፦ ውሃ የት አለ ብዬ።

እትዬ፦ በምን ቋንቋ?

ቀስታ፦ [ካሰበች በኋላ] በጥማት።

እትዬ አርፈሽ ተቀመጪ አለቻት። ቀስታ አርፋ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ግን መጸዳጃ ቤት ልሂድ አለች፤ ይህን እትዬም ልትከለክል አልቻለችም። በዚያው የጽዳት ሠራተኛዋ ወዳለችበት አቅጣጫ ሄዳ ከሰው መሀል ጠፋች።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። እትዬ ሦስት ቀሚስ ለብሶ መጸዳጃ ቤት መግባት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃለችና አልተጨነቀችም። አርባ ደቂቃ ሲሆን አንድ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ፈገግ ብሎ መጣና በእጁ ወደ ማዶ እያመለከተ በጥድፊያ ምን እንደሆነ ያልገባትን ነገር አወራላት። ሻጭ። «አልፈልግም» አለችና ሻንጣዋን ይዛ ወንበር ቀየረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና መጣ። እንደገና አልፈልግም አለችው፤ እንደገና ወንበር ቀየረች።

አንድ ሰዓት ከግማሽ ሲያልፍ ግን ብድግ አለች። መጸዳጃ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞረች። በሮቹን እያንኳኳች «ቀስታ» ብላ ተጣራች። ቀስታ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት መሆኗን ረስታ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የጠፋቻት ይመስል «የእኔ እናት፣ የት ገባሽብኝ» እያለች አነባች። ይቺ ልጅ አንድም ቀን ብቻዋን ተናግራ አታውቅም። ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች? አውሮፕላኑ ጥሏት ቢሄድ ለማሙሽ ምን ይባላል? ለእናታቸውስ?

መረጃ መስጫው ጋ ሄደች። በእንግሊዝኛ ዕድሜ ልኳን ደብዳቤ ጽፋለች፤ አፏ ግን እንደ እጇ አልታዘዘላትም። እንደ ምንም ብላ እህቴ ጠፋች አለች። ሰውየው ምን እንደለበሰች ጠየቃት። እትዬም በጣቷ እየቆጠረች ሰማያዊ ቀሚስ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ቡናማ ቀሚስ አለችው። ሰውየው እያዘነላት ጻፈ። ወዲያው በድምፅ ማጉያው ሦስት ሴቶች መጥፋታቸው ተነገረ።

በመጨረሻ የረዳቻት ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እጆቿን ዘርግታ ሰፊ ሴት በአየር ላይ ሣለች፤ ከዚያ ወደ አንድ የመስታወት በር ጠቆመቻት። እትዬ ሮጠች። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ ትኬቷን እንድታሳይ ጠየቀቻት። እትዬ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨመቀች፤ ትኬት አይሰጥም። ልጅቷ ደጋግማ ጠየቀች፤ እትዬ ደጋግማ እምቢ አለች። በመጨረሻ ልጅቷ ያለ ትኬት የሚገባ ሰው እንደሚከፍል ነገረቻትና ዋጋውን ጽፋ አሳየቻት።

እትዬ ቁጥሩን አየች። ሦስት ሳምንት ምሳ ሳትበላ ያተረፈችው፣ ሰባት ኪሎ ስትቆጥር ያዳነችው፣ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ግን ከመስታወቱ በስተጀርባ እህቷ አለች። እጇን በሦስቱ ቀሚሶች አንገት ሰድዳ ፖስታውን አወጣች፤ ቀደደችው። ከፈለች። የመለሱላትን እንኳ አልቆጠረችም።

[ውስጥ። ምንጣፍ፣ ለስላሳ ሶፋ፣ ጸጥታ። ቀስታ እግሯን ሰቅላ ጭማቂ ትጠጣለች። ሁለቱን ቀሚሶች አውልቃ እንደ አዲስ ሸሚዝ አጣጥፋ ከጎኗ አስቀምጣቸዋለች። ጠረጴዛው ላይ በናፕኪን የተሸፈነ ሰሐን አለ።]

ቀስታ፦ መጣሽ እትዬ? ምሳሽን ሸፍኜልሽ ነበር፤ ቀዘቀዘ።

እትዬ፦ [ትንፋሿ እየተቆራረጠ] ስንት ከፈልሽ?

ቀስታ፦ ለምኑ?

እትዬ፦ ለዚህ። ለሶፋው፣ ለጭማቂው።

ቀስታ፦ ምንም። ያቺ ሴትዮ ውሃ ስጠይቃት ትኬቴን አየችና እጄን ይዛ አመጣችኝ። አማርኛ የሚያውቅ አንድ አስተናጋጅ አለ፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚጠብቅ ሰው ማረፊያም ምሳም ትኬቱ ውስጥ ተከፍሏል አለኝ። ጀርባው ላይ ተጽፎ አሳዩኝ። አንቺንም እንዲጠሩልኝ ሁለት ጊዜ ሰው አስላክሁብሽ። አልፈልግም አለች አሉኝ።

[እትዬ ሶፋው ላይ ቀስ ብላ ትቀመጣለች። የተቀደደው ፖስታ እጇ ላይ ነው።]

ቀስታ፦ ከፍለሽ ነው እንዴ የገባሽው?

[እትዬ የተቀደደውን የፖስታ ጫፍ በጣቷ ልትገጥም ትሞክራለች።]

ቀስታ ፖስታውን አየች፤ ከዚያ የእህቷን ፊት አየች። እትዬ ሳቅ ጠበቀች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ስትባል የኖረች ሴት ዛሬ ብትስቅ ማን ይፈርድባታል? ቀስታ ግን አልሳቀችም። ናፕኪኑን አነሳችና ሰሐኑን ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው።

ቀስታ፦ ከከፈልሽማ ደህና አድርገሽ ብዪ። ውዱ ምሳ ያንቺ ነው።

እትዬ፦ [እንባዋን በላይኛው ቀሚሷ እጅጌ እየጠረገች] ጠፋሽ ብዬ ሞቼ ነበር እኮ።

ቀስታ፦ እኔ? እኔ ያለሁበትን አውቅ ነበር እትዬ። የጠፋሽው አንቺ ነሽ።

እትዬ ሹካውን አነሳች። ሰሐኑን ጠርጋ በላች። ከዚያ እሷም የደረበቻቸውን ሁለት ቀሚሶች አወለቀች፤ ቀስታ ተቀብላ አጣጠፈችላት። የተረፈውንም ገንዘብ አዲስ ፖስታ ከበሩ ልጅ ለምና አሸገችላት። ፖስታውም በነፃ ነበር።

[ለሁለተኛው በረራ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ይነሳሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ቆም ትላለች።]

እትዬ፦ ስንመለስ ግን ሁሉንም አንቺ ነሽ የምትጠይቂው። ትኬቱንም፣ ምግቡንም፣ መንገዱንም።

ቀስታ፦ እሺ። አንቺስ?

እትዬ፦ እኔ ዝም እላለሁ።

[ቀስታ ታስባለች። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ እስኪመጣ ትጠብቃለች።]

ቀስታ፦ ተይው እትዬ። እሱ ውድ ነው፤ ካቅምሽ በላይ ነው።