ጥጥ ላይ የሚራመዱት ጋሽ ደምሴ

ሰው ሲሠለጥን መሬቱ አይሰማውም ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምኜ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ኮልፌ ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ደምሴ ከሠለጠኑ ወዲህ ነጭ ዳቦና መኮሮኒ እንጂ ሌላ አይቀምሱም። ስንዴያቸውን አስነፍተው ፉርሽካውን ለላሟ ይሰጣሉ። ማለዳ ከባሕር ዛፉ ጭጋግ ውስጥ እንደ ሕልም እየተንሳፈፉ ይመጡና፣ «ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል፤ ምቾት ማለት ይህ ነው!» ይሉኛል። እቀናባቸው ነበር።

አንድ ቀን ምቾቱ ጉልበታቸው ደረሰና ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። የልጃቸው ሠርግ ደርሷል፤ ቆመው ካልመረቋት ምኑን አባት ሆኑ?

ሐኪሙ መረመራቸው። «ቫይታሚን ቢ ዋን ሲጎድል ነርቭ ያንቀላፋል። እርስዎ እሱን ለላሟ ሰጥተውታል። ስንዴውን ከነፉርሽካው ይብሉ፤ ምስርና ባቄላም ይጨምሩ» አላቸው።

«የላም ራት ልብላ?» ብለው ተቆጡ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሳቁ። «ላሟማ በአራት እግሯ ቆማለች፤ እርስዎ በሁለቱ አቃተዎት!»

ጋሽ ደምሴ እያዘኑ በሉ። ከሳምንታት በኋላ፣ በሠርጉ ማለዳ አብረን ስንወጣ ድንገት ቆሙና እንባ አቀረሩ።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ጠጠር ወጋኝ» አሉኝ፣ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብለው።