አንድ ቀለም ብቻ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፉሪ ሰፈር፣ ሰዓሊው ኤርሚያስ ቤት የነበርነው ኤርሚያስ ራሱ፣ ጎረቤቱ ኦቦ ቱሉ፣ ልጃቸው ጫልቱ እና እኔ ነን።

ለመሆኑ በቃኝ የሚል የኅትመት ሰዓሊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኤርሚያስ በቀለም ላይ ጆንያ ያትማል፣ በጆንያው ላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ደግሞ ሌላ ቀለም። ሰው ሲበርደው ይደርባል፤ ወረቀትን ምን ይበርደዋል?

ኦቦ ቱሉ ከፈረሰ ቤታቸው ግድግዳ ያተረፉትን የጭቃ ምርግ ይዘው መጡ። ምርጉ ገና እርጥብ ሳለ የሟች ባለቤታቸው ቀኝ መዳፍ አርፎበታል። ጭቃው እየተፈረፈረ ስለሆነ መዳፉን በወረቀት እንዲያስቀርላቸው ለመኑት።

ኤርሚያስ ምርጉ ላይ ጥቁር ቀለም አዳርሶ ወረቀት ሲጫንበት፣ ጎድጓዳው መዳፍ ቀለም ስላልነካው ነጭ ሆኖ ወጣ። ኅትመት ይገለብጣልና፣ ምርጉ ላይ ወደ ግራ የነበረው አውራ ጣት ወደ ቀኝ ዞሯል። ምርጉ ግን እዚያው ዱቄት ሆነ።

«በቃ ኤርሚ፣ እማዬ ናት እኮ፤ ተዋት» አለች ጫልቱ።

«ትንሽ ቢጫ ብቻ» አለ።

ከቢጫው ቀጥሎ ጆንያ፣ ከጆንያው ቀጥሎ ቀይ መጣ። መዳፉ ጠፋ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የት አደረግሃት?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ኤርሚያስ አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ማንም አልነካውም። ቀዩ መድረቅ ሲጀምር ግን ከላዩ የጭቃ መዳፍ ወጣ። እርጥብ ነበር፤ አውራ ጣቱም ወደ ግራ ነው። ይህ የታተመ አይደለም፤ እጅ ያረፈበት ነው።

ኦቦ ቱሉ መዳፋቸውን አሳረፉበትና «ትሞቃለች» አሉ።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። ኤርሚያስ፣ ጫልቱ፣ እናንተም ነበራችሁ፤ ያጎደልኩትን ሙሉበት። በተለይ ጫልቱ፣ ከአባትሽ ቀጥለሽ የነካሽው አንቺ ነሽ፤ እውነት ይሞቅ ነበር?